ከላይ የጠቆረ፣ ከውስጥ የተበላ፦ በድሬዳዋ በኩል የገቡ ጠመንጃዎች ልባስ ምን ይመሰክራል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከኢትዮጵያ መጋዘኖች የወጡ በሺዎች የሚቆጠሩ አሮጌ ጠመንጃዎች አሜሪካ ገብተው ለሰብሳቢዎች መሸጥ ጀመሩ። በክምሩ ውስጥ የፈረንሳዩ ግራ፣ ማለትም የእኛው ውጅግራ፣ አለ። የጣልያኖቹ ቬተርሊና ካርካኖ አሉ። ቤልጅየም ውስጥ ተሠርቶ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ምልክት የታተመበት ማውዘርም አለ። ይህን ያህል ታሪክ ከአገር መውጣቱ ራሱን የቻለ ክርክር ነው፤ ሌላ ጊዜ እመለስበት ይሆናል። ዛሬ የያዘኝ የብረቱ ገላ ነው። ሰማንያ፣ መቶ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ዓመት በበረሃና በደጋ ሲንከራተት የኖረ ብረት፣ ፋብሪካው ያለበሰው ጥቁር ልባስ ምን ሆኖ ተገኘ?

መልሱ አንድ ወጥ አይደለም፤ ትንታኔ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። አንዱ ጠመንጃ ከላይ ጥቁረቱ ተገፎ ብረቱ ነጥቷል፣ ሰደፉ ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሯል፤ በበርሜሉ ውስጥ ግን ጠመዝማዛው መሥመር ጥርት ብሎ ይታያል። ሌላው ከላይ ሲያዩት ደህና ነው፤ በርሜሉን ወደ ብርሃን አዙረው ሲመለከቱት ግን ውስጡን ዝገት በልቶ ጉድጓድ በጉድጓድ አድርጎታል። ጠመንጃ በዓይን የሚመርጥ ሰው ሁለተኛውን ያነሳል። ይሳሳታል።

ከእነዚህ መሣሪያዎች ብዙዎቹ ወደ አገር የገቡት በምሥራቁ በር ነው። ከባቡሩ በፊት ሥራው የግመል ነበር፤ ገጣሚነቱን ትቶ ነጋዴ የሆነው አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1887 ለንጉሥ ምኒልክ ያደረሰው 2 ሺህ ገደማ ጠመንጃ ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ነው የመጣው። የባቡሩ ሐዲድ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ መንገዱ ተለወጠ። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው ሐዲድ ከድሬዳዋ ወደፊት እስኪቀጥል ድረስ ለዓመታት ማብቂያው እዚያው ነበር። ሸቀጡ ከዚራ በተባለው ሰፈር በኩል ባለው ጣቢያ ይራገፋል፤ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው መጋላ ደግሞ ነጋዴው፣ ደላላውና ግመለኛው የሚገናኙበት ሰፈር ነበር። ጨርቁ፣ ጨውና ቡናው የሚዞርበት ያው መስመር የጦር መሣሪያም መስመር ነበር። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣልያን እ.ኤ.አ. በ1906 ስለ መሣሪያ ዝውውር ቁጥጥር የተለየ ስምምነት እስከመፈራረም የደረሱትም የዚህ ዳርቻ ንግድ ስላሳሰባቸው ነው።

ይህን መንገድ ያነሳሁት ለታሪክ ማጣፈጫ አይደለም። ለብረት ልባስ ከዚህ የከፋ ፈተና ማሰናዳት ይከብዳል። ጅቡቲ ወደብ ላይ አየሩ ራሱ ጨው ነው፤ እርጥበትና ሙቀት በአንድ ላይ ይመጣሉ። ከዚያ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ከባሕር ጠለል 1,200 ሜትር አካባቢ ከፍ ያለችው ድሬዳዋ ላይ ደረቅ ሙቀትና አሸዋ ይጠብቀዋል። ወደ ሐረር ወይም ወደ ሸዋ ደጋ ሲወጣ ደግሞ የክረምት ዝናብ፣ ጭጋግና ሌሊት ብረት ላይ የሚያድር ጤዛ አለ። ወደቡ ላይ ብረቱ የያዘውን ጨው ማንም ሳያጥበው አንዱ ጠመንጃ ሦስቱንም አየር ያልፋል።

ፋብሪካው ያለበሰው ምን ነበር? በዚያ ዘመን አውሮፓ ጠመንጃን የሚያጠቁረው ብረቱን ራሱን በማዛግ ነው። ነገሩ እንግዳ ይመስላል፤ ግን ዝገት ሁለት ዓይነት ነው። ቀዩ ዝገት ልል ነው፤ ውሃና አየር እያሳለፈ ሥሩን ይበላል። ጥቁሩ፣ ማግኔታይት የሚባለው፣ ጥቅጥቅ ብሎ ብረቱ ላይ ይጣበቃል። ሠራተኛው በርሜሉን በአሲድ ውህድ ቀብቶ ቀስ ብሎ ያዝገዋል፣ በፈላ ውሃ ይቀቅለዋል፣ ቀዩ ወደ ጥቁር ይለወጣል፣ ልሉን በብሩሽ ይጠርጋል፤ ይህን ደጋግሞ ይሠራዋል። ኋላ ላይ፣ በተለይ ከ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ 140 ዲግሪ ገደማ በሚሞቅ የኮስቲክ ሶዳና የናይትሬት ጨው ገንዳ ውስጥ በደቂቃዎች የሚያጠቁረው ዘዴ ተስፋፋ። በሁለቱም መንገድ የሚገኘው ልባስ ውፍረቱ አንድ ማይክሮን አካባቢ ነው። የሰው ጠጉር ወደ 70 ማይክሮን ይወፍራል፤ ከዚያ ላይ ገምቱት። በዚያ ላይ የብዙዎቹ ጠመንጃዎች መቀባበያ ጭራሽ ሳይጠቁር ነጭ ብረት ሆኖ ነው የወጣው።

ስለዚህ ያ ጥቁር ቀለም ብቻውን ብረትን ከዝገት እንዲያድን ታስቦ የተሠራ አልነበረም። ሥራው ሁለት ነው፦ ነጸብራቅን መቀነስና ዘይት መያዝ። ዘይቱ ከደረቀ ልባሱ ብቻውን የሚቆመው ለጥቂት ጊዜ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው «ድሮ የተሠራ ብረት አይዝግም» ይላል። ይዝጋል፤ ባለቤቱ ዘይት ስለሚቀባው ነው ያልዛገው።

ድሬዳዋ ላይ ልባሱን የሚያነሳው አሸዋው ነው። ደቻቱ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የለውም፤ ነፋስ ሲነሣ ከወንዙ ሆድ የሚነሣው አቧራ መጋላን ያለብሳል፣ ከፊራ በተባለው ገበያ ውስጥ ባለው ሸቀጥ ሁሉ ላይ ያርፋል። በአሸዋው ውስጥ ያለው ኳርትዝ የተባለው ማዕድን ደግሞ ለጠመንጃ ከሚውለው ብረት አብዛኛውን በጥንካሬ ይበልጣል። አንድ ማይክሮን ልባስ ያለው በርሜል በአቧራማ ጨርቅ ተጠቅልሎ በግመል ሲወዛወዝ ሳምንቱን ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት እንደማሸት ነው። ቀድሞ የሚነጣውም የት እንደሆነ ይታወቃል፤ የአፈሙዙ ጫፍ፣ እጅ ሚዛኑን ጠብቆ የሚይዝበት ወገብ፣ ትከሻና ማንገቻ የሚነካው ጎን።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የነጣ ብረት የሞተ ብረት አይደለም። ደረቅ አየር ውስጥ የተራቆተ ብረት ለዓመታት ይቆያል። ማስረጃ የሚፈልግ ከመጋላ ተሻግሮ የድሮውን ምድር ባቡር ወርክሾፕ ይጎብኝ፤ ፈረንሳዮቹ ተክለዋቸው የሄዱ ማሽኖችና የቆሙ ፉርጎዎች ቀለማቸው ቢለቅም አካላቸው አለ። ያው ባቡር፣ ያው ብረት ጅቡቲ ጫፍ ላይ ቢቆም ኖሮ ዕጣው ሌላ ይሆን ነበር። አሸዋ መልክን ይወስዳል፤ ዕድሜን የሚወስደው ጨው ነው።

ጨው ደግሞ ከባሕር ብቻ አይመጣም። አንዱ ምንጭ የሰው ላብ ነው። ሌላው፣ ከሁሉም የከፋው፣ ጥይቱ ራሱ ነው። በጥይቱ ቀለህ ቂጥ ላይ ያለው ማቀጣጠያ ለረጅም ዘመን ፖታሺየም ክሎሬት በተባለ ኬሚካል ነበር የሚሠራው፤ የሶቪየት ሠራዊት ጥይቶች እንኳ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለብዙ ዓመታት በዚሁ ቀጥለዋል። ጥይቱ ሲተኮስ ክሎሬቱ ይቃጠልና ፖታሺየም ክሎራይድ የተባለ ጨው ሆኖ በበርሜሉ ውስጥ ይረጫል፤ ከገበታ ጨው ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። የአየሩ እርጥበት ከ84 በመቶ ገደማ በታች እስከሆነ ድረስ ይህ ጨው እምብዛም ጉዳት ሳያደርስ ይተኛል። ከዚያ ሲያልፍ ግን ከአየር ውሃ ስቦ ራሱን ያሟሟና ብረቱን መብላት ይጀምራል።

ይህ አንድ ቁጥር ብዙ ያስረዳል። ድሬዳዋ ላይ በበጋ ተተኩሶ ሳይታጠብ የተሰቀለ ጠመንጃ ወራት ሙሉ ምንም ሳይሆን ሊቆይ ይችላል። ባለቤቱም «ይኸው፣ ምንም አልሆነም» ይላል። ያው ጠመንጃ ክረምት ደጋ ሲወጣ፣ ወይም በሌሊት ጤዛ ሲያርፍበት፣ የተኛው ጨው በአንድ ሌሊት ይነሣል። ከላይ ያለው ጥቁረት ለዚህ ምንም አይፈይድም፤ ጨው ያለው ልባስ በሌለበት በርሜል ውስጥ ነዋ። ዘይትም አያድንም፤ ጨው በዘይት አይሟሟም። የሚያወጣው ውሃ ነው። የድሮ ወታደር በርሜሉን በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥቦ፣ አድርቆ፣ ከዚያ ዘይት የሚቀባው ለዚህ ነበር። ዘይት በጠፋበት ያገኙትን ቅባት፣ ሞራም ይሁን ቅቤ፣ መቀባት ከምንም ይሻል ነበር፤ ቅቤ ግን በውስጡ ውሃ አለው፣ ሲቆይም ኮምጥጦ አሲድ ይሆናል። በቆዳ ሰገባ ውስጥ ለዓመታት የተቀመጠ መሣሪያም የባሰ ይጎዳል፤ ቆዳው የተለፋበት ጨውና አሲድ እርጥበት ይዞ ብረቱ ላይ ያርፋልና። ለክብር ተሸፋፍኖ ከኖረው መሣሪያ ይልቅ ሜዳ ላይ የተንከራተተው አንዳንዴ ደህና የሚገኘውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው የልባስ ታሪክ እነዚህን ሁለት ጠላቶች፣ አሸዋንና ጨውን፣ ለየብቻ ለመመከት የተደረገ ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 ቶማስ ኮስሌት የተባለ እንግሊዛዊ ብረትን በፎስፎሪክ አሲድ እየቀቀሉ ፎስፌት የማልበስ ዘዴ አስመዘገበ። አሜሪካኖች አሻሽለው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለብዙ መሣሪያቸው ተጠቀሙበት። መልኩ ግራጫና ሻካራ ነው፤ ውበት የለውም። ነገር ግን ከጥቁሩ ልባስ ብዙ እጥፍ ይወፍራል፣ በጥቃቅን ቀዳዳዎቹም ዘይት ይይዛል። የቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ኮርያ የዘመተበት ኤም 1 ጠመንጃ ይህን ልባስ የለበሰ ነበር፤ የኮርያ ክረምት ላይ ዘይት የሚይዝ ገላ ዋጋው ትልቅ ነው። ኦጋዴን ሜዳ ላይ ግን ያው ዘይት አቧራ ይሰበስባል፤ ዘይትና ኳርትዝ ሲቀላቀሉ ሞረድ ይሆናሉ። በእኔ አስተያየት ስለ ልባስ የሚደረግ ክርክር አብዛኛው መልስ የሚያጣው ይህን ስለሚዘነጋ ነው። የት ነው የሚያገለግለው ሳይባል የትኛው ይሻላል ማለት ትርጉም የለውም።

ከዚያ ክላሽ መጣ። በነሐሴ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋን ለመያዝ ባጠቃበት ጊዜ ከተማዋን ያዳኗት ወገኖች እጅ አሮጌው የአሜሪካ መሣሪያ ገና ነበር፤ ከዚያ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ የሶቪየቱ ጎረፈ። የዘመኑን ክላሽ ከላይ ያየ ሰው ብዙ አይደነቅበትም። ፎስፌት ላይ በምድጃ የተጋገረ ጥቁር ቀለም ነው፤ ይላጣል፣ ይጫራል። ዛሬ በየቦታው የምናየው ክላሽ ጫፍ ጫፉ የነጣው ለዚህ ነው። ብልሃቱ የተደበቀው ውስጥ ነው። በርሜሉ፣ ጥይቱ የሚያርፍበት ክፍልና ጋዙ የሚገፋው ዘንግ በክሮም ተለብጠዋል። ክሮም ከኳርትዝ ብዙም የማያንስ ጥንካሬ አለው፣ ጨውም በቀላሉ አይበላውም። ሶቪየቶች ጥይታቸው ውስጡን እንደሚበላ፣ ምልምል ገበሬውም በየቀኑ እንደማያጥብ አውቀው ገንዘቡን ዓይን በማያየው ቦታ አዋሉት። ክላሽ «የማይሞት» የተባለበት ምክንያት ግማሹ ከዚህ የመጣ ነው፤ ሌላው ግማሽ የክፍሎቹ ልል አገጣጠም ነው።

አሜሪካኖች ይህን በደም ነው የተማሩት። ኤም 16 ቬትናም ሲገባ በርሜሉም የጥይቱ ክፍልም ክሮም አልነበራቸውም። የባሩዱ ዓይነት ተለወጠ፣ ወታደሩ ማጽጃ በበቂ አልተሰጠውም፣ በጫካው እርጥበት የጥይቱ ክፍል ዛገ፤ የተተኮሰው ቀለህ ተጣብቆ አልወጣ አለ፣ ወታደሮችም የተዘጋ መሣሪያ ይዘው ሞቱ። ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ1967 በምክር ቤት ኮሚቴ ተመረመረ፤ መጀመሪያ ክፍሉ፣ ቀጥሎም በርሜሉ በክሮም እንዲለበጥ ሆነ። ያ ሁሉ ጉድ የተከሰተው ውጩ በዘመኑ ምርጥ በሚባል ልባስ በለበሰ መሣሪያ ላይ ነው።

አሁን ደግሞ ክሮም ራሱ ችግር ላይ ነው። ለመለበጥ የሚያገለግለው ውህድ ካንሰር አምጪ በመሆኑ አውሮፓ ከመስከረም 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ልዩ ፈቃድ መጠቀምን ከልክላለች። ፋብሪካዎች ወደ ሌላ መንገድ እየሄዱ ነው። አንዱ ናይትራይዲንግ ነው፤ ብረቱን 580 ዲግሪ ገደማ በሚሞቅ ጨው ውስጥ ነክሮ ናይትሮጅንና ካርቦን ወደ ገላው ማስገባት። የኦስትሪያው ግሎክ ሽጉጥ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ ዘዴ ታውቋል። ትልቁ ጥቅሙ ከላይ የተደረበ ነገር አለመሆኑ ነው፤ የብረቱ ቆዳ ራሱ ይለወጣል፣ ስለዚህ አይላጥም፤ የበርሜሉም ውስጥ እንደ ውጩ እኩል ይጠነክራል። ሁለተኛው ከአልማዝ የሚቀራረብ ጥንካሬ ያለው ስስ የካርቦን ልባስ ነው፤ ጥቂት ማይክሮን ብቻ ሆኖ ከኳርትዝ እጥፍና ከዚያም በላይ ይጠነክራል። አሸዋን ይችላል፤ ነገር ግን ሥሩ ያለው ብረት ለስላሳ ከሆነ በምት ጊዜ ብረቱ ሲሰረጎድ ልባሱ ይሰነጠቃል። ሦስተኛው ሴራሚክ የተቀላቀለበት በምድጃ የሚጋገር ቀለም ነው። ወደ 25 ማይክሮን ይወፍራል፣ ጨውን አጥብቆ ይከላከላል፣ በፈለጉት ቀለም ይገኛል፤ በአሸዋ ግን ይፋቃል።

ሻጮች የሚያቀርቡት ማስረጃ የጨው ርጭት ፈተና የሚባለው ነው። ናሙናው 35 ዲግሪ በሚሞቅ ሣጥን ውስጥ ይገባል፣ 5 በመቶ ጨው ያለው ውሃ ሳያቋርጥ ይረጭበታል፣ ዝገት እስኪታይ ያለው ሰዓት ይቆጠራል። ሺህ ሰዓት፣ ሁለት ሺህ ሰዓት የሚባለው ይህ ነው። ፈተናው አንድን ምርት ከራሱ ካለፈው ዓመት ምርት ጋር ለማነጻጸር ጥሩ ነው። የዕድሜ ትንበያ ግን አይደለም፤ ሣጥኑ ውስጥ አሸዋ የለም፣ ትከሻ የለም፣ ቀን ደርቆ ሌሊት የሚረጥብ አየር የለም። መጀመሪያ አሸዋ ልባሱን ይጭራል፣ ቀጥሎ ጨው በጭረቱ ይገባል፤ ጭረት ያላየ ናሙና ስለ ድሬዳዋም ስለ ጅቡቲም ብዙ አይነግረንም። መጠየቅ ያለበት «ስንት ሰዓት ቻለ?» ሳይሆን «ተጭሮ ስንት ሰዓት ቻለ?» ነው።

ጠመንጃ የማያገባው አንባቢም ቢሆን ይህ ነገር ቤቱ ደጃፍ አለ። መጋላ ውስጥ ካሉት ብየዳ ቤቶች የላሜራ በር ያሠራ ሁሉ ያውቀዋል። አዲስ ሲሆን ቀለሙ ያብለጨልጫል፤ ከሁለት ክረምት በኋላ ቀለሙ ያብጣል፣ ሲነኩት ከሥሩ ቀይ ዱቄት ይወጣል። ብዙ ሰው ቀለሙን ይረግማል። ጥፋቱ በአብዛኛው ከቀለሙ በፊት ያለው ሥራ ነው፤ የብየዳው ጢስ ቅሪት ሳይጠረግ፣ ዝገቱ በብርጭቆ ወረቀት ሳይነሣ፣ የሠራተኛው የላብ እጅ አሻራ ሳይጠረግ አንቲረስቱ ተቀብቷል። አንዳንዴም አንቲረስቱ ተዘሎ ቀጥታ ቀለም ይመታል። ጨው ከቀለም ሥር ከታሸገ ቀለሙ የሚያገለግለው ጨውን ነው። በሩን የሚያሠራ ሰው ስለ ቀለሙ ማርክ ከሚከራከር ይልቅ ከመቀባቱ በፊት ብረቱን መጥቶ ቢያይ ይሻለዋል።

በጠመንጃ ላይ ይህ ስህተት ሲሠራ ጉዳቱ ሌላ መልክ አለው። የተበላን ብረት ፍቆ እንደገና ማጥቆር ከባድ ሥራ አይደለም፤ ውጤቱም ያታልላል። በርሜሉ ከውስጥ ተበልቶ ግድግዳው የሳሳ መሣሪያ ከላይ አዲስ መስሎ ሲቀርብ ለተኳሹ ለራሱ አደጋ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያን ከመያዝ አልፎ ጥገናውንም በፈቃድ ሥር ማስገባቱ ከዚህ አንጻር ተገቢ ነው። ሕጉን በጸጥታ ዓይን ብቻ የሚያዩት አሉ፤ የደኅንነት ጉዳይም ነው።

የቅርሱ ነገር ደግሞ አለ። የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት 2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከተመረቀ ወዲህ የድሮ መሣሪያ ለዕይታ የማቅረብ ፍላጎት ጨምሯል፤ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ዕቃ ቤትና በየሙዚየሙ ያሉ ውጅግራዎችና ሰናድር የሚባሉ የድሮ ጠመንጃዎች ተወልውለው እንዲያምሩ የሚሹ ሰዎች አሉ። ሐሳቡ ቅን ነው፤ አሠራሩ ግን ያጠፋል። በመቶ ዓመት ውስጥ የጠቆረውና የነጣው ገላ መሣሪያው በየት እንዳለፈ፣ ማን በየት በኩል እንደያዘው የሚናገር ማስረጃ ነው። አንዴ በሞረድ ከተፋቀ አይመለስም፤ የፋብሪካው ምልክትና የንጉሠ ነገሥቱ ማኅተምም አብሮ ይፋቃል።

ስለዚህ ቅርስ ለሚጠብቁ ሁሉ አንድ ልመና አለኝ። መሣሪያው ባዶ መሆኑን ሙያተኛ ያረጋግጥ። ከዚያ ጨዉን በንጹሕ ለብ ያለ ውሃ አውጡ፣ በደንብ አድርቁ፣ በስሱ ዘይት ቀቡ፣ ከቆዳ ሰገባውም ለዩት። ብርጭቆ ወረቀትና ጥቁር ቀለም አታስጠጉት።